አራት ጊዜ ወድቆ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈው

ላስ ቬጋስ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 2008። የመጀመሪያው ዙር ደወል ከተደወለ ብዙም አልቆየ፤ ሁለቱ ሰዎች ገና እየተጠናኑ ነው። አንደኛው በርናርድ ሆፕኪንስ ነው። ዕድሜው አርባ ሦስት፣ ወጣትነቱን እስር ቤት አሳልፎ ወጥቶ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በቡጢው ዓለም በብልጠት የሚስተካከለው የሌለ ሰው። ሌላው ከዌልስ የመጣ የሠላሳ ስድስት ዓመት ግራኝ ነው። ግራኙ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲገባ ሆፕኪንስ አጭር ቀኝ ላከበት። ቡጢዋ ከአንድ ክንድ በላይ አልተጓዘችም። ግራኙ መሬት ላይ ተገኘ።

አሜሪካ ውስጥ ሲጋጠም የመጀመሪያው ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ አሜሪካኖቹ «ከሰፈሩ የማይወጣ ሻምፒዮን» እያሉ ሲያሙት ኖረዋል። ይኸው ወጣ፤ ይኸው ወደቀ። ዳኛው እስከ ስምንት ሲቆጥር ሰውየው ቆሟል። ፊቱ ላይ ግን ድንጋጤ አይታይም። ዕቃ ረስቶ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሰው ብስጭት ብሎ ነበር።

ከአሥራ አንድ ዙር በኋላ ከሦስቱ ነጥብ ሰጪ ዳኞች ሁለቱ ለእሱ ፈረዱ። ስሙ ጆ ካልዛጊ ይባላል። አርባ ስድስት ጊዜ በፕሮፌሽናልነት ተጋጥሞ አርባ ስድስቱንም አሸንፎ ከመድረክ ወርዷል። ቡጢ የሚወዱ ሰዎች ስሙ ሲነሳ ቶሎ የሚጠቅሱት በሽንፈት ረድፍ ላይ ያለችውን ዜሮ ነው። እኔ ግን ዜሮዋ ብዙ የምትነግረን አይመስለኝም። በፕሮፌሽናል ዘመኑ አራት ጊዜ ወድቋል። ስለ ሰውየው ማወቅ የሚፈልግ ከዜሮዋ ይልቅ እነዚያን አራት ውድቀቶች ቢያይ ይሻለዋል።

ሦስት አራተኛ ኩንታል

ካልዛጊ ዘመኑን ያሳለፈበት ሱፐር ሚድልዌይት የሚባለው ሚዛን ጣሪያው 76.2 ኪሎ ግራም ነው። በጤፍ ካሰብነው ሦስት አራተኛ ኩንታል፣ ትንሽ ምርቃት ተጨምሮበት። ከሥሩ 72.5 ኪሎ የሚመዝኑት ሚድልዌይቶች አሉ፤ ከላዩ ደግሞ እስከ 79.3 ኪሎ የሚፈቀድላቸው ላይት ሄቪዌይቶች።

ሚዛኑ በቡጢ ታሪክ የትናንት ልጅ ነው። እስከ 1984 ድረስ ዋና የሚባል የዓለም ሻምፒዮን አልነበረውም። ከዚያ በፊት ተፈጥሮ ሰባ ስድስት ኪሎ ያደረገችው ቡጢኛ ምርጫው ሁለት ነበር፦ ወይ ተርቦ ወደ ታች መውረድ፣ ወይ ከራሱ ከሚገዝፉ ሰዎች ጋር መደባደብ። አይ ቢ ኤፍ የተባለው ድርጅት በዚያ ዓመት በሩን ከፈተ፤ እስከ 1988 ድረስ ሌሎቹ ሦስቱ ተከተሉት። የድርጅቶቹን ነገር አንባቢ በግማሹ ያውቀዋል። ደብሊው ቢ ኤ፣ ደብሊው ቢ ሲ፣ አይ ቢ ኤፍ፣ ደብሊው ቢ ኦ። በአንድ ቤት አራት አባወራ ማለት ነው። እያንዳንዱ የራሱን ቀበቶ ያስራል፣ የራሱን «የዓለም ሻምፒዮን» ይሾማል፣ ለሹመቱም ክፍያ ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ሰው «የዓለም ሻምፒዮን ነኝ» ሲል ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ «የማን?» ብሎ ይጠይቃል።

ሚዛኑ የሚወጣው ከፍልሚያው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ቡጢኛው ከሳምንት በፊት ጨው ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ምግብ፣ በመጨረሻ ውሃ። ላስቲክ ልብስ ለብሶ ይሮጣል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ያልባል። ሚዛኑ ላይ የሚቆመው ሰው ጉንጩ የገባ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ ለፎቶግራፍ ጡንቻውን ሲያሳይ እንኳ ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ ነው። ከሚዛኑ እንደወረደ ጠርሙሱን ያንደቀድቃል። በማግስቱ ማታ መድረክ ላይ ሲወጣ ብዙ ኪሎ መልሶ ጨምሯል። እኛ ጾም ለምደናል፤ ጾም ስንፈታ ግን ቡጢ የሚጠብቀን የለም።

ካልዛጊ በሃያ አንድ ዓመቱ በ1993 የገባበትን ይህን ሚዛን ሠላሳ አምስት ዓመት እስኪሞላው አልለቀቀውም። ብዙ ቡጢኞች ዕድሜ ሲጨምር ገላቸውም ስለሚጨምር ወደ ላይ ይወጣሉ። እሱ በየዓመቱ ያንኑ ጣሪያ እየገፋ ኖረ።

የሙዚቀኛው ልጅ

ኒውብሪጅ በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አካባቢው በድንጋይ ከሰል የኖረ ነው፤ ማዕድኑ ሲዘጋ ሥራው አብሮ ሄደ። ካልዛጊ ለንደን ቢወለድም ያደገውም የሠለጠነውም ዝናው ከናኘ በኋላ የኖረውም እዚያው ነው።

አባቱ ኤንዞ የሳርዲኒያ ሰዎች ልጅ ነው። ቤዝ ጊታር ይዞ በአውሮፓ ጎዳናዎች እየተጫወተ የዞረ፣ ካርዲፍ ሲደርስ አንዲት የዌልስ ልጅ ወዶ የቀረ ሰው። ቡጢ የሚወድ እንጂ ቡጢኛ አልነበረም። ልጁ መማታት ሲያምረው ያረጀ ምንጣፍ ጠቅልሎ ሰቀለለት። የዚያ ምንጣፍ ልጅ ከ1991 እስከ 1993 ሦስት ዓመት ተከታትሎ፣ በሦስት የተለያዩ ሚዛኖች፣ የብሪታንያ አማተሮችን ዋንጫ ወሰደ።

የመለማመጃ ቤታቸው ከራግቢ ሜዳ አጠገብ ያለች፣ ድሮ ተጫዋቾች ልብስ ይቀይሩባት የነበረች ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነበረች። ክረምት ሲመጣ ትቀዘቅዛለች፣ ዝናብ ሲመጣ ታፈሳለች። ሚሊዮኖች ማግኘት ከጀመረ በኋላም ልጁ ከዚያች ቤት አልወጣም።

ኤንዞ የሚያውቀው ሙዚቃ ነበርና ያንኑ አስተማረ። አንድ ኃይለኛ ቡጢ አስተካክሎ ከማሳረፍ ይልቅ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ቡጢዎችን እንደ ዜማ ሐረግ ማያያዝ፤ ቆም ማለት፤ ሌላው «አለቀ» ብሎ ትንፋሹን ሲሰበስብ ሐረጉን እንደገና መጀመር። ቡጢው በሚጠበቅበት ምት ላይ አይመጣም። ግማሽ ምት ይቀድማል፣ ወይም ግማሽ ይዘገያል። ካልዛጊን የገጠሙ ሰዎች መልሰው ለመምታት በተነሱ ቁጥር ሌላ ቡጢ ፊታቸው ላይ የሚያገኙት ለዚህ ነበር።

የቆዩ አሰልጣኞች አባትን በልጁ ጥግ ማየት አይወዱም። አንዱ አባት ፈሪ ነው፤ ልጁ ሲመታ ያያል፣ ልቡ አይችልም፣ ፍልሚያውን ለማስቆም ፎጣውን ቶሎ ይወረውራል። ሌላው አባት ጨካኝ ነው፤ የራሱን ያልተሳካ ሕልም በልጁ ገላ ያሳድዳል። ለካልዛጊ ደግሞ ሦስተኛ ምክንያት ተጨመረ፦ አባትህ ጊታር ተጫዋች ነው፣ ቡጢ ምን ያውቃል? ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ እንኳ «ሁነኛ አሰልጣኝ ያዝ» የሚለው ምክር አላቋረጠውም። ምክሩን አልሰማም። በ2007 ከዚያች ቤት የወጡ ሦስት ሰዎች በተለያየ ሚዛን የዓለም ቀበቶ ይዘው ነበር፤ ካልዛጊ፣ ኤንዞ ማካሪኔሊና ጋቪን ሪስ። ነገሩ አንድ ጎበዝ ልጅ የማግኘት ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስት ባልሆኑ።

ፋሻው

ቡጢ ሲባል ሰው የሚያስበው የተመቺውን ፊት ነው። ስለ መቺው እጅ የሚያስብ ጥቂት ነው። እጅ ውስጥ ሃያ ሰባት ጥቃቅን አጥንቶች አሉ፤ የሰው ግንባር ግን አንድ ወጥ ድንጋይ ነው ማለት ይቻላል።

ፍልሚያው ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀር ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ላሳያችሁ። ቡጢኛው ወንበር ገልብጦ ይቀመጥና ክንዱን በመደገፊያው ላይ ያደርጋል። አሰልጣኙ ስስ ፋሻ በእጅ አንጓው ዙሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዞራል፣ ከዚያ ወደ መዳፉ፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ ዙሪያ፣ እንደገና ወደ አንጓው። በየጣቱ መሐል ቀጭን ፕላስተር ያልፋል። «ጨብጥ» ይላል፣ ይጨብጣል። «ዘርጋ» ይላል፣ ይዘረጋል። ጠብቆ ደም ከከለከለ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ከላላ አጥንቱ ይሰበራል። ከፊት ለፊታቸው የተቃራኒው ወገን ሰው ቆሞ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ፕላስተሩ የመምቻ አንጓዎቹ ላይ እንዳይደራረብ፣ ሥር ምንም ነገር እንዳይገባ ነው። ሲያልቅ ተቆጣጣሪው ፋሻው ላይ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ 10 አውንስ የሚመዝነው ጓንት ይጠለቃል። በጓንቱ ገመድ ላይም እንደገና ፕላስተር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የካልዛጊን እጆች አላዳናቸውም። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲሰበሩ፣ ሲያብጡ፣ ሲጠገኑ ኖረዋል። በ2005 ኢቫንስ አሺራን ሲገጥም ግራ እጁ ተሰብሮ አብዛኛውን ዙር በቀኝ እጁ ብቻ ጨርሷል።

«ጥፊ ነው የሚማታው» ይሉታል። ሺህ ጥፊ በአንድ ሌሊት የቀመሰ ሰው ግን ልዩነቱን አይነግርህም።

እጁን ለማትረፍ ሲል አንዳንዱን ቡጢ በጓንቱ ውስጠኛ ክፍል ያሳርፍ ነበር። ተቺዎቹ «ጥፊ» አሉት። ሐሰት አይደለም፤ ቪዲዮውን ቀስ አድርጎ ያየ ሰው መዳፉ ሲከፈት ያገኘዋል። እኔ ግን ትችቱ ነገሩን በአንድ ዓይን ብቻ የሚያይ ይመስለኛል። ጥፊዎቹ ሌላውን ሰው ሥራ የሚያስፈቱ ናቸው። ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው መምታት አይችልም፤ መምታት የማይችል ሰው ደግሞ ዙር አያሸንፍም።

ያ ቀበቶ

ካልዛጊ ለዓለም ሻምፒዮንነት የቀረበው በኦክቶበር 1997፣ ሼፊልድ ውስጥ ነው። እስከዚያ ቀን ሃያ ሁለት ሰው ገጥሞ ከአንዱ በቀር ሁሉንም ሳይጨርሱ አስቁሟቸዋል። ባለ ቀበቶው ስቲቭ ኮሊንስ ከግጥሚያው ወጣ፤ በምትኩ ቀናት ሲቀሩት የተጠራው ክሪስ ዩባንክ ነበር። ዩባንክ ባለ አንድ መነጽሩ፣ ባለ ዘንጉ፣ አለባበሱ እንደ ድሮ መኳንንት የሆነው። ካልዛጊ ገና በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ጣለው። ሰው ሁሉ «አለቀ» አለ። ዩባንክ ተነሳና አሥራ ሁለቱን ዙር ሙሉ አስለፋው። ልጁ በነጥብ አሸነፈ፤ ሲያልቅ ከተሸናፊው ይልቅ የደከመ የሚመስለው አሸናፊው ነበር።

እዚህ ላይ ከካልዛጊ ትንሽ ልራቅ፣ ምክንያቱም ያ የደብሊው ቢ ኦ ቀበቶ ያለፈበት መንገድ አለው። ዩባንክ መጀመሪያ ያገኘው ሴፕቴምበር 21 ቀን 1991፣ ለንደን ዋይት ሃርት ሌን ስታዲየም ውስጥ ማይክል ዋትሰንን ገጥሞ ነው። ዋትሰን የሃክኒ ሰፈር ልጅ፣ ጸጥ ያለ፣ ሙያውን የሚያከብር ቡጢኛ ነበር። ያን ማታ እየመራ ነበር። በአሥራ አንደኛው ዙር ዩባንክን ጣለው። ዩባንክ ተነሳና ከሥር ወደ ላይ በሚወጣ አንድ ቡጢ አገጩን መታው፤ ዋትሰን ወደ ኋላ ሲወድቅ አንገቱ ገመዱ ላይ አረፈ። ደወሉ አዳነው። በአሥራ ሁለተኛው ዙር ዳኛው አስቆመው፤ ዋትሰን ጥጉ ደርሶ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከቡጢው የከፋ ነው። መድረኩ አጠገብ እንዲህ ላለው አደጋ የተዘጋጀ ሕክምና አልነበረም። መጀመሪያ የተወሰደበት ሆስፒታል የአንጎል ቀዶ ሕክምና አይሰጥም፤ ወደ ሌላ ተላከ። ደም አንጎሉን እየተጫነው ያ ሁሉ ጊዜ ባከነ። አርባ ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆየ፤ ስድስት ጊዜ አንጎሉ ተከፈተ። ሐኪሙ ፒተር ሃምሊን መትረፉን እንኳ አልጠበቁም ነበር። ዋትሰን ተረፈ፤ ዓመታት ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሄዱ።

የብሪታንያን የቡጢ ቦርድ ከሰሰ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ቀላል ነበር፦ ቡጢኛ ሊመታ ፈቅዶ ይገባል፤ ሳይታከም ሊቀር ግን አልፈቀደም። በ1999 ተረታለት፣ በ2000 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናለት። ቦርዱ ካሳውን በሙሉ መክፈል እንኳ አልቻለም፤ በድርድር ያነሰ ተከፈለ። ዛሬ በብሪታንያ መድረክ ጥግ ማደንዘዣና ትንፋሽ የሚያውቁ ሐኪሞች ኦክሲጅናቸውን ይዘው የሚቀመጡት፣ አምቡላንሱ ሞተሩን አሙቆ የሚጠብቀው፣ ቅርብ ያለው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ክፍል ቀድሞ የሚነገረው ከዋትሰን ወዲህ ነው። በ1995 አሜሪካዊው ጄራልድ ማክሌላን ናይጄል ቤንን ለንደን ውስጥ በዚሁ ሚዛን ገጥሞ ሲወድቅ ሕክምናው ፈጥኖ ደረሰለት። ሕይወቱ ተረፈች፤ ዓይኖቹ ግን አልተረፉም።

ዋትሰን በ2003 የለንደንን ማራቶን በስድስት ቀን ተራምዶ ጨረሰ። በሁለት ሰዓት ከጥቂት የሚያልቅ ማራቶን ማየት ለለመደ ለእኛ ሕዝብ ስድስት ቀን የሚለው ቁጥር ግራ ያጋባል። በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች አብረውት ከተራመዱት መካከል ሃምሊንና ዩባንክ ነበሩ።

ካልዛጊ በ1997 ወገቡ ላይ ያሰረው ያንን ቀበቶ ነው።

ዜሮዋ ታስራለች

ከዚያ ወዲያ አሥር ዓመት። ሃያ አንድ ጊዜ ቀበቶውን ጠበቀ። ሲነገር ያምራል፤ ሲኖሩት ግን አብዛኛው መጠበቅ ነው።

የፍልሚያ አዘጋጆች ሒሳብ እንዲህ ይሠራል። ያልተሸነፈ ሰው ትኬት ይሸጣል፣ የቴሌቪዥን ውል ያመጣል። አንዴ ከተሸነፈ ዋጋው በአንድ ሌሊት ይወርዳል። ስለዚህ ዜሮ ያለው ሰው ሌላ ዜሮ ያለውን እንዲገጥም ማንም አይቸኩልም። መካከሉን የሚሞሉት ሽንፈትን ሙያ ያደረጉ፣ ስማቸው የማይታወቅ፣ ስምንት ዙር ቆሞ መመታት የሚችሉ ሠራተኞች ናቸው። ያለ እነሱ ቡጢ የሚባል ንግድ አይኖርም ነበር፤ የሚያመሰግናቸው ግን የለም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ስቬን ኦትኬን ተመልከቱ። ጀርመናዊ፣ በዚሁ ሚዛን የአይ ቢ ኤፍ ሻምፒዮን፣ ከ1998 እስከ 2004 ሃያ አንድ ጊዜ ቀበቶውን የጠበቀ፣ ሳይሸነፍ የተሰናበተ። በተመሳሳይ ዓመታት፣ በተመሳሳይ ሚዛን፣ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት በማይሞላ ርቀት ሁለት ያልተሸነፉ ሻምፒዮኖች ነበሩ። አንድም ቀን አልተገናኙም። ለስፖርቱ ይህ አሳፋሪ ነው።

ሁለቱ የመጀመሪያ ውድቀቶች የመጡት በዚህ የመጠበቅ ዘመን ነው። በ2003 ካርዲፍ ውስጥ ባይረን ሚቸል በሁለተኛው ዙር ጣለው፤ በፕሮፌሽናል ሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ተነሳ። የወደቀ ሰው የሚመከረው ማቀፍ፣ መሸሽ፣ ጊዜ መግዛት ነው። እሱ ወደ ሚቸል ገባ፤ በዚያው ዙር ሚቸልን ጥሎ ዳኛው ፍልሚያውን አስቆመው። በማግስቱ ዓመት ኤድንበርግ ላይ የግብፅ ተወላጁ ካባሪ ሳሌም በአራተኛው ዙር ጣለው። ያን ማታ ካልዛጊ አሰልቺ ነበር፤ ተዘናግቶ፣ ደንዝዞ ያሸነፈበት ግጥሚያ። ፍልሚያው ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው «ይህ ሰው አልቆለታል» አለ። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት

ጄፍ ሌሲ አሜሪካዊ ነው። ያልተሸነፈ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ በግራ መንጠቆ ቡጢው ሰው የሚያንጋልል፣ የአይ ቢ ኤፍ ሻምፒዮን። «ትንሹ ታይሰን» እስከመባል ደርሶ ነበር። ማርች 2006 ማንችስተር ላይ እንዲገናኙ ቀን ተቆረጠ። ፍልሚያው ሲቃረብ ካልዛጊ በልምምድ ላይ እጁን ጎዳ፤ ልቅር አለ። ኤንዞ እምቢ አለው። ለዓመታት የጠበቅከውን ሰው አሁን ከሸሸህ ማንም አያምንህም፣ በአንድ እጅህም ቢሆን ታሸንፈዋለህ ብሎ ሞገተው። እውነቱን ለመናገር አባት ለተጎዳ ልጁ እንዲህ ያለ ምክር መስጠቱ ያስፈራኛል። ሌሲ ቢያሸንፍ ኖሮ ዛሬ ስለ ኤንዞ የምንጽፈው ሌላ ነበር።

ለአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዲመች ሲባል ሁለቱ መድረክ ላይ የወጡት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፤ እንግሊዝ ተኝታለች።

የሆነውን መግለጽ ቀላል አይደለም፤ አንድ ነገር ብቻ ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ስለተደጋገመ። ሌሲ የግራ ቡጢውን ይጎትታል፤ ቡጢው ሲደርስ ሰውየው የለም። ከጎኑ ሦስት ቡጢ ይመጣል። ሌሲ ይዞራል፤ አራት ይመጣል። ከመጀመሪያው ዙር አንስቶ ፊቱ ደም ነበር። ካልዛጊ ያን ሌሊት ከሺህ በላይ ቡጢ ሰነዘረ፤ በአሥራ ሁለተኛው ዙር ሌሲን ጣለው፤ ዳኞቹ ዙሮቹን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ሰጡት።

እኔ ይህን ፍልሚያ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሌሲ ጥግ ነው። ከስምንተኛው ዙር በኋላ ሰዎቹ ምን እየጠበቁ ነበር? ልጃቸው የሚያሸንፍበት መንገድ አልቀረም፤ የሚቀበለው ቡጢ ግን ቀርቷል። ጀግንነቱን አደነቁ፣ ፎጣውን ግን አልወረወሩም። ሌሲ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ተጋጠመ፤ ከማንችስተር በፊት የነበረውን ሌሲ ግን ማንም ዳግም አላየውም።

ቡጢኛ በአንድ ሌሊት ያረጃል ይባላል። ሌሲ ያረጀው በሃያ ስምንት ዓመቱ ነው።

ኬስለር፣ ከዚያም ሁለቱ ሽማግሌዎች

በኖቬምበር 2007 ሌላ ዜሮ መጣ። ዴንማርካዊው ሚኬል ኬስለር ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ተጋጥሞ ሠላሳ ዘጠኙንም ያሸነፈ፣ የደብሊው ቢ ኤና የደብሊው ቢ ሲ ቀበቶዎችን የያዘ፣ እንደ መማሪያ መጽሐፍ የተስተካከለ ቡጢኛ ነው። ካርዲፍ ሚሌኒየም ስታዲየም ውስጥ ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰው ከእኩለ ሌሊት አልፎ ቆሞ ጠበቀ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ኬስለር ከሥር የሚልካቸው ቡጢዎች የዌልሱን ሰው አገጭ ደጋግመው አገኙት። ከዚያ ካልዛጊ አንድ እርምጃ አራቀው፣ ፍጥነቱን ጨመረ፣ ወደ ሆዱ ወረደ። ኬስለር በመጨረሻ ምን እንደሚያደርግ የጠፋበት ሰው ነበር። ለእኔ ካልዛጊ ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ የሚለካው በእነዚህ በሁለቱ፣ በሌሲና በኬስለር ሌሊቶች ነው።

ከዚያ በኋላ ሚዛኑን ለቆ ወደ ላይ ወጣና አሜሪካ ሄደ። የላስ ቬጋሱን ሆፕኪንስ አይታችኋል። በኖቬምበር ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ሮይ ጆንስን ገጠመ። እንደገና በመጀመሪያው ዙር ወደቀ፤ አራተኛው። አፍንጫው እየደማ ተነሳ፤ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ እጆቹን ዝቅ አድርጎ፣ አገጩን አውጥቶ፣ በጆንስ የድሮ ጨዋታ ጆንስን ተጫወተበት። ተመልካቹ ሳቀ። ጆንስ ግን በዚያን ጊዜ የራሱ ጥላ ነበር፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ። ከአሥር ዓመት በፊት ቢገናኙ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ክርክር ዛሬም በየካፌው አለ። እኔም መልስ የለኝም፤ ድሉን ግን ከሌሲው ጎን አላስቀምጠውም።

በፌብሩዋሪ 2009፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ «በቃኝ» አለ። አዘጋጆች ገንዘብ ይዘው መጡ፤ ወጣቶቹ ሻምፒዮኖች በስሙ እየጠሩ ጋበዙት። አልተመለሰም። ይህን ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው ሌሎቹን ይይ። ጆንስ ከዚያ በኋላም ለዓመታት መድረክ ለመድረክ ሲንከራተት ኖረ። ያ ብልጥ ሆፕኪንስ በሃምሳ አንድ ዓመቱ በአንድ ወጣት ተመትቶ በገመዶቹ መካከል ከመድረኩ ውጭ ወደቀ።

ኤንዞ በሴፕቴምበር 2018 በስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ። ኒውብሪጅ የሚለው ስም «አዲስ ድልድይ» ማለት ነው፤ ዛሬ ከተማዋ ውስጥ በካልዛጊ ስም የሚጠራ ድልድይ አለ።

እነዚህን ፍልሚያዎች ያላየ አንባቢ ካለ፣ አርባ ስድስቱንም ፈልግ አልለውም። በ2003 የተደረገውን የባይረን ሚቸልን ይፈልግ፤ ሁለተኛውን ዙር ብቻ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም።